ሐዋሳን በሳይክል ከአስጎብኚ ጋር፦ ከጎማ ፍተሻ እስከ አሞራ ገደል

ባለፈው ዓመት ከዋሽንግተን የመጣ የአክስቴ ልጅ ሻንጣውን እንኳ ሳያወርድ «እዚህ ሴግዌይ የሚያከራይ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስሙን ሰምቼ ነበር እንጂ ዕቃውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ሄልሜት የደፉ ሰዎች እያንዳንዳቸው በሁለት ጎማ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው፣ እናታቸውን እንደሚከተሉ ጫጩቶች ከአስጎብኚያቸው ኋላ በሰልፍ ይሄዳሉ።

ለማያውቀው ሰው፣ ሴግዌይ ጎማዎቹ እንደ ሳይክል ፊትና ኋላ ሳይሆን ግራና ቀኝ የተተከሉ ናቸው። መሐላቸው መቆሚያ አለው፤ ከፊት ደግሞ እጅ የሚይዘው ዘንግ። ፔዳል የለውም፣ በባትሪ ነው የሚሠራው። የቆመበት ሰው ትንሽ ወደ ፊት ሲያዘነብል ውስጡ ያሉት ጋይሮስኮፖች ይህን ያውቁና ጎማው ወደ ፊት ይሽከረከራል፤ ቀና ብሎ ወደ ኋላ ሲል ይቆማል። አሜሪካዊው ዲን ካመን በ2001 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለዓለም ያሳየው ይህ መኪና ያልሆነ መኪና ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኩባንያው ይህን ሞዴል መሥራት ያቆመው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው።

እኔ በሐዋሳ ጎዳና ሴግዌይ አላየሁም። የአክስቴ ልጅ ግን አንድ ነገር ነገረኝና በዚያው ሐሳብ ያዝኩ። አስጎብኚው ከመነሳታቸው በፊት ባዶ ሜዳ ላይ አሠልጥኗቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የፈጀው ግን አካሄድን በማስተማር አልነበረም። ማቆምን ነበር የሚያስተምረው። ሳይክልም እንደዚያው ነው። መንዳቱንማ ከልጅነታችን የምናውቀው ብዙ ነን፤ ባጃጅ በሞላበት ከተማ፣ ከኋላችሁ አምስት ሰው አስከትላችሁ፣ በትክክለኛው ቦታ በትክክለኛው ጊዜ መቆም ግን ሌላ ሙያ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘመድም የዘመድ ጓደኛም በመጣ ቁጥር ከአስጎብኚ ጋር ስለዞርኩ፣ እንዴት እንደሚደረግ ከነዝርዝሩ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ለምን ሳይክል? ሐዋሳ ሜዳ ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከይርጋለም ሲዛወር ገና ከጅምሩ በፕላን የተመሠረተች ስለሆነች መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ዛፍም አላቸው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች እንደ አዲስ አበባ ትንፋሽ አታሳጥርም። በእግር ከዞራችሁ ፀሐዩ ያደክማችኋል፣ በባጃጅ ከዞራችሁ ደግሞ የሸራውን ጠርዝ እንጂ ከተማውን አታዩም።

ቀንና ሰዓት መምረጥ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሡ። ይህን ስል ፊታቸው የሚቀየር እንግዶች አሉ፤ «ለዕረፍት መጥተን?» ይላሉ። ምክንያቱ ሁለት ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ማታ የጣሉትን መረብ የሚያወጡት ጠዋት ስለሆነ፣ አርፍዳችሁ ከደረሳችሁ ዓሣ አጥማጆቹ በሚወጡበት የሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ የምታገኙት የተጠበሰውን ነው። በዚያ ላይ የመሐል ከተማው መንገድ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ሰው የሚነዳበት መንገድ ነው፤ ከዚያ በኋላ የባጃጅ ነው።

ከወራት ሁሉ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን እመርጣለሁ። ክረምት ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ጠዋቱን መጠቀም ይቻላል፤ ግን ውስጥ ለውስጥ ያሉት የኮብልስቶን መንገዶች ሲረጥቡ እንደ ሳሙና ናቸው።

ከቀናት ደግሞ ማክሰኞ፣ ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ጥሩ ነው። እሑድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ቢሆንም የሐይቁ ዳር መንሸራሸሪያ ፍቅር ሐይቅ በኋላ በሰው ይሞላል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከየአገሩ ሕዝብ ይመጣል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው መንገድ በነጭ ልብስ ይሞላል። በነዚያ ቀናት ሳይክሉን ተዉትና ነጠላችሁን ለብሳችሁ በእግር ሂዱ። ጥምቀትም እንዲሁ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ቀኑ በየዓመቱ አንድ አይደለም፤ አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው ይቆርጡታል። በዚያ ሰሞን ከመጣችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ በዓሉ የሚከበርበትን ሜዳ ጉዱማሌን ግን በእግር ነው የምታዩት።

አስጎብኚ መያዝ

ሳይክል እንደያዛችሁ «ላስጎብኛችሁ» የሚል ልጅ አይጠፋም። አንዳንዱ በእርግጥ ጎበዝ ነው፤ የተወለደበትን ሰፈር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ቢሆንም የአስጎብኚዎች ማኅበር ባጅ ያለውን አስቀድሙ። የምታርፉበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ጠይቁ፣ ከአንድ ቀን በፊት በስልክ ተነጋገሩ። ሲመጣ ባጁን ማየት ነውር የለውም፤ «ወንድሜ፣ ባጅህን ልየው» ብላችሁ በፈገግታ ከጠየቃችሁ የሚከፋው ሰው የለም።

ዋጋ ሲነጋገሩ ብዙዎች አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፦ «ስንት ነው?» ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። እኔ የምጠይቃቸውን ልንገራችሁ። ዋጋው በሰዓት ነው ወይስ ለዙሩ? ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁላችን? የራሱን ሳይክል ኪራይ ማን ይከፍላል? የአሞራ ገደል መግቢያ፣ ቁርስና ቡና የሚከፈለው ለብቻ ነው ወይ? ጎማ ቢተነፍስ የጎሚስታው ሒሳብ የማን ነው? ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ ሰው ይስቅባታል። አንድ ጊዜ ስላልጠየቅኳት ከአከራይ ጋር ግማሽ ሰዓት ቆሜ ተከራክሬያለሁና አልስቅም።

ከዚያ ደግሞ የሚቆምባቸውን ቦታዎች በስም አስቆጥሩት። «ከተማውን አሳያችኋለሁ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። አሞራ ገደል፣ ጉዱማሌ፣ ፍቅር ሐይቅ፣ ገብርኤል፣ ፒያሳ፤ አምስት ማቆሚያ ለሦስት ሰዓት ይበቃል። ሰባት ስምንት የሚላችሁ ከሆነ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ከሳይክል ሳትወርዱ ልታልፉ ነው። የዘመድ ሱቅና የዘመድ ሬስቶራንት በዝርዝሩ ውስጥ ካለም አሁኑኑ ይታወቅ።

ቡድኑ ከስድስት ሰው ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከበለጠ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ከኋላ የሚዘጋ።

ሳይክሉን መፈተሽ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ኪራይ ሳይክል ብዙ እጅ ያየ ሳይክል ነው።

በመጀመሪያ ፍሬኑ። ሳይክሉን ይዛችሁ በእግራችሁ እየሄዳችሁ የፊተኛውን ፍሬን ብቻ ያዙ፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ሊነሣ መሞከር አለበት። ከዚያ የኋላውን ብቻ ያዙና ግፉት፤ ጎማው ሳይዞር መንሸራተት አለበት። የፍሬኑ እጀታ ተጨምቆ መሪውን የሚነካ ከሆነ ገመዱ ላልቷልና አጥብቅልኝ በሉ። ካልጠበቀ ሌላ ሳይክል። የቱ እጀታ የፊቱን፣ የቱ የኋላውን እንደሚይዝ በጣታችሁ አረጋግጡ፤ ከሳይክል ሳይክል ይለያያል፣ ያልተለመደውን ፊተኛ ፍሬን በድንገት ጨምቆ ከመሪው በላይ የበረረ ሰው አውቃለሁ። (የአክስቴ ልጅ አይደለም። እኔ ነኝ።)

ቀጥሎ ጎማው። በአውራ ጣታችሁ ጎኑን ተጫኑት፤ እንደ በሰለ አቮካዶ ከገባ ይነፋ። ላዩ የተላጨና ጎኑ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ኮብልስቶን ላይ ካላማዳሪያውን ያፈነዳዋል። ሳይክሉን አንሥታችሁ ጎማውን አሽከርክሩት፤ ግራና ቀኝ እየተወላገደ የፍሬኑን ጎማ የሚነካካ ከሆነ ቸርኬው ተጣሟል ማለት ነው፣ ከተማ ለከተማ ችግር የለውም፣ ግን ያደክማችኋል።

ካቴናው ደረቅና ዝገት ከሆነ ጠብታ ዘይት አስጨምሩ። ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩት፤ ሳይንቋቋ መዞር አለበት። ማርሹ ከሠራ ጥሩ፣ ካልሠራም ሐዋሳ ውስጥ መካከለኛው ላይ ትታችሁ ቀኑን ሙሉ መንዳት ትችላላችሁ።

የኮርቻው ቁመት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ትንሽ ብቻ መታጠፍ አለበት። ዝቅ ካለ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉልበታችሁ ያማችኋል። ለጀማሪ ግን ሁለቱም እግር ጫፍ መሬት እስኪነካ ድረስ ዝቅ ይደረግለት፤ ለእሱ ከጉልበቱ ይልቅ ልቡ ይረጋ።

ቀሚስ ወይም ነጠላ የምትለብሱ ሴቶች ጫፉን ከካቴናው በተቃራኒ በኩል ሰብስባችሁ በጸጉር ማስያዣ እሠሩት። ሰፊ ሱሪ ያለው ቀኝ እግሩን ካልሲው ውስጥ ይክተተው። ሄልሜት ካለ አድርጉ፤ አከራዩ ዘንድ ብዙ ጊዜ አይገኝምና ያላችሁ ከቤት ይዛችሁ ኑ።

ለመያዣ መታወቂያ ይጠየቃል። ፓስፖርት አትስጡ። የቀበሌ መታወቂያ ወይም መንጃ ፈቃድ ይበቃል፤ ካልሆነ ጥቂት ብር አስይዙ። ሳይክሉ ላይ ያለውን ጭረትና ስብራት ከመነሣታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ አከራዩ እያየ።

ልምምድ

ከሆቴሉ ግቢ ወይም መኪና ከማይበዛበት መንገድ ላይ ሃያ ደቂቃ ውሰዱ። አስጎብኚው «ሁላችሁም ትችላላችሁ አይደል?» ብሎ ከተነሣ አስቁሙትና ልምምዱን ጠይቁት።

ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ በአንድ እጅ እየነዱ በሌላው ምልክት ማሳየት። ሁለተኛ፣ እንደ ኤሊ ቀስ ብሎ መንዳት፤ በፍጥነት ማንም ሚዛን ይጠብቃል፣ ገበያ መሐል የሚያስፈልገው ግን የእግረኛ ፍጥነት ነው። ሦስተኛው ማቆም፦ ሁለቱንም ፍሬን በአንድነት፣ የኋላውን ትንሽ ቀደም አድርጎ፣ ሰውነትን ወደ ኋላ ስቦ፣ ከመቆሙ በፊት አንድ እግር ለማውረድ ተዘጋጅቶ። አስጎብኚው እጁን ሲያነሣ ሁሉም ሰው ከፊቱ ያለውን ሳይነካ እስኪቆም ድረስ ደጋግሙት። የአክስቴ ልጅ በሴግዌይ ያየው ልማድ ነው ይሄ፣ እኛም ወሰድነው፤ እጅ ያየ ሁሉ እጁን አንሥቶ ለኋለኛው ያሳልፋል።

በመካከላችሁ ያለው ርቀት ሁለት የሳይክል ርዝመት ይሁን። ከሁሉ ደካማው ነጂ ከአስጎብኚው ቀጥሎ ይሰለፍ፤ መጨረሻ ላይ ካስቀመጣችሁት ይጠፋል፣ ስትጠብቁትም ያፍራል።

መንገዱ ላይ

የሐዋሳን መንገድ ለመረዳት ባጃጅን መረዳት ያስፈልጋል። ባጃጅ ማቆሚያ የለውም፤ ማቆሚያው ተሳፋሪው ነው። ውስጥ ያለው ሰው «ወራጅ አለ» ካለ ሹፌሩ መስተዋት ሳያይ ቀኝ ይይዛል። ቀኝ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ባጃጅ በግራችሁ ሲያልፋችሁ ጣታችሁ ፍሬኑ ላይ ይሁን፤ ከጎኑ እኩል አትሂዱ፣ ወይ አስቀድሙት ወይ ቅደሙት። የቆመ ባጃጅ ስታልፉ ደግሞ አንድ ክንድ ያህል ራቁ፤ ሰው በየትም በኩል ሊወርድ ይችላል።

በመጀመሪያው ዙራችን የአክስቴ ልጅ ይህን ሳይሰማ ቀረ። ከፊቱ የነበረው ባጃጅ አንዲት ዘንቢል የያዙ እናት ሊያወርድ ቆመ፣ እሱ ዘንቢሉ ላይ። ቲማቲሙን ለቅመን፣ ይቅርታ ጠይቀን፣ ሒሳቡን ልንከፍል ስንል እማማ «ልጄ፣ አንተ ደህና ነህ?» ብለው እሱን ያራግፉለት ጀመር። ከዚያ ወዲያ ከባጃጅ ኋላ አምስት ሜትር ነው የሚከተለው።

የአህያ ጋሪ ቀስ ይላል ግን አይቆምም፤ ከኋላው የተጫነው ብረት ወይም እንጨት ከጋሪው ወጥቶ ይንጠለጠላልና ዓይናችሁን ጠብቁ። አደባባይ ስትገቡ አስጎብኚው ወደ ቀኝ ጠርዝ ይይዛል፣ እናንተም ተጠጋግታችሁ እንደ አንድ መኪና ግቡ፤ ተቆራርጣችሁ ከገባችሁ መሐላችሁ መኪና ይገባል። ካልተመቻችሁ ውረዱና በእግረኛ ማቋረጫ ግፉት። ማንም አይስቅባችሁም።

ከመንገዱ ጠርዝ ክዳን የጠፋበት ቱቦ ሊኖር ይችላል። አስጎብኚው በእጁ ወደ ታች ከጠቆመ እሱ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ በየትኛውም የውጭ አገር መመሪያ የማታገኙት፦ ገብርኤል ፊት ለፊት ሲደርስ አማኝ የሆነ አስጎብኚ አንድ እጁን ከመሪው ያነሣና ያማትባል፤ አንዳንዱ እስከነአካቴው ወርዶ ይሳለማል። ከፊታችሁ ያለው መኪና፣ ባጃጅ፣ እግረኛ ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል። እዚያ አካባቢ ርቀታችሁን እጥፍ አድርጉ።

ዙሩ

ከአሞራ ገደል ጀምሩ። ታቦር ተራራ ሥር ነው፤ ሳይክሉን መግቢያው ላይ ለጥበቃው አስረክቡና ቁልፉን አስጎብኚው ይያዘው። ጀልባዎቹ ሲደርሱ መረቡ ይዘረገፋል፣ ወጣቶች በዓይን በማይከተሉት ፍጥነት ዓሣውን ይገፍፋሉ፣ ሆድ ዕቃው ይጣላል። የሚጣለውን የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች ናቸው፤ ራሰ በራ፣ ቁመታቸው ሰው ወገብ የሚያልፍ፣ እንደ ጡረታ የወጣ ዳኛ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣመሩ የሚመስሉ ወፎች። ለፎቶ አትቅረቡ፤ መንቁራቸው ቀልድ አያውቅም።

ከሐይቁ በብዛት የሚወጣው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛም አለ። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፣ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 22 ሜትር ገደማ። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ የለውም። እንዲህም ሆኖ ውሃው ጨው አይደለም፤ አስጎብኚያችሁን «ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁትና ችሎታውን ለኩ። በትነትና ከመሬት በታች እየሰረገ የሚሄድ መሆኑን የሚያውቅ ከሆነ ቀኑ ጥሩ ይሆናል።

ቁርሳችሁን እዚሁ ብሉ። የዓሣ ሾርባ በዳቦ፣ ወይም ሙሉ የተጠበሰ ቆሮሶ በዳጣ። ጥሬውን የሚበሉ ሞልተዋል፣ እናንተም ትጋበዛላችሁ፤ መንገድ ስላለባችሁ ዛሬ ይቅርባችሁ። ለአስጎብኚው ቁርስ መግዛት በውሉ ባይኖርም ባህል ነው። ሙዝ ከያዛችሁ ቦርሳ ውስጥ ደብቁት። ዛፉ ላይ ያሉት ጉሬዛዎች ጨዋ ናቸው፣ ጦጣዎቹ ግን ዚፕ መክፈት ያውቃሉ። ዳር ላይ እግር መታጠብም ይቅር፤ ቢልሃርዚያ አለ። ዓሣ አጥማጅ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ሽማግሌውን «አባባ» ብላችሁ። ሰላም ለማለት «ኬሬ» የምትለዋን የሲዳምኛ ቃል ከቻላችሁ ፊቱ ይፈታል።

ከዚያ የሐይቁን ዳር ይዛችሁ ወደ ጉዱማሌ። ሰው በሌለበት ቀን ባዶ ሜዳና ዛፍ ነው፤ እንግዳ «ምን አለ እዚህ?» ይላል። የአስጎብኚው ጥቅም የሚታየው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ፊቼ ጫምባላላ የሚከበረው እዚህ ነው፤ ሽማግሌዎች የሚመርቁበት፣ ወጣቶች የሚጨፍሩበት። በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማ ክልል ለመሆን ሲበቃ ሐዋሳ ዋና ከተማው ሆናለች። ከሳይክል ውረዱ፣ ዛፉ ሥር አሥር ደቂቃ ተቀመጡ፣ እንዲያወራላችሁ ተዉት።

ፍቅር ሐይቅ ላይ መንገዱ የተነጠፈ ነውና መንዳት ያምራል። ግን የመንሸራሸሪያ ቦታ ነው፤ ጥንዶች፣ ሕፃናት፣ ቆሎ ሻጮች። ሰው ከበዛ ውረዱና ግፉ። ጀልባ ለመሳፈር ካማራችሁ ጠዋት ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ፤ ጉማሬ ሲታይ «ትንሽ ቅረብ» የሚለውን እንግዳም ዝም አሰኙት።

ከሐይቁ ዳር ወደ ገብርኤል የሚወስደው ሰፊ መንገድ ጥቂት ሽቅብ ይወጣል፤ የሚያልባችሁ እዚህ ብቻ ነው። ገብርኤል ስትደርሱ ሳይክላችሁን ከቅጥሩ ውጭ አቁሙ። ግቢ ውስጥ መግባት የምትፈልጉ ከሆነ ነጠላ ያስፈልጋል፣ አጭር ሱሪ አይሆንም፤ ቅዳሴ ላይ ከሆኑ ድምፅ አታሰሙ፣ ካሜራም ሳትጠይቁ አታውጡ። የማትገቡ ከሆነም አደባባዩ ዳር ቆሞ የከተማዋን እንቅስቃሴ ማየት ብቻውን ይበቃል። ሁለት ሰዓት አካባቢ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ምእመኑ ሁሉ በዚህ ያልፋል።

ፒያሳን በሳይክል አትግቡበት ብዬ ብመክር ይሻለኛል። ጠርዙ ላይ አቁሙት፣ አንድ ሰው ይጠብቅ ወይም ካፌው ፊት ዓይናችሁ ሥር እሠሩት፣ ከዚያ በእግር። ማኪያቶ ቁሞም ይጠጣል፣ እናንተ ግን ተቀመጡ፤ እግራችሁ ይፈልገዋል። ጊዜ ካላችሁ አስጎብኚው ወደ አረብ ሰፈር ያዙራችሁ፣ አቮካዶና ማንጎ ስፕሪስ ጠጡና ተመለሱ። የስፕሪሱ ብርጭቆ ላይ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ካልቆመ ውሃ በዝቶበታል።

ቢበላሽ

ጎማ ከተነፈሰ አትንዱት፣ ግፉት። ጎሚስታ በየመንገዱ አለ፤ አሮጌ ጎማ ተደርድሮ ያያችሁበት እሱ ነው። ካላማዳሪያውን አውጥቶ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፣ አረፋ የሚወጣበትን ይለጥፋል። ካቴና ከወለቀ በእንጨት ስባሪ መልሱት፣ ጣታችሁን አታስገቡ። ዝናብ ከመጣ ጥላ ሥር ቁሙ፤ ብዙ ጊዜ አይቆይም። የወደቀ ሰው ራሱን ከመታ ግን ምንም ሳይሰማው እንኳ ዙሩ እዚያው ያበቃል፤ በባጃጅ ወደ ሕክምና፣ ሳይክሉን አስጎብኚው ያስመልሳል።

ሲመለሱ

ከአራት ሰዓት በፊት ለመመለስ ሞክሩ። ሳይክሉን ስታስረክቡ ጠዋት ያነሣችሁትን ፎቶ ክፈቱና ከአከራዩ ጋር አብራችሁ ተመልከቱት። የአስጎብኚውን ሒሳብ በተነጋገራችሁት ልክ ክፈሉ፤ ጉርሻው በእጅ፣ ከሌላው ሰው ዓይን ራቅ ብሎ ይሰጥ። በቴሌብር የምትልኩ ከሆነ መልእክቱ ስልኩ ላይ መግባቱን አብራችሁ እዩ። ዝርዝር ብር ጠዋት ካልያዛችሁ እዚህ ጋ ትቸገራላችሁ።

ከዚያ መታወቂያችሁን ተቀበሉ። ስሙን አንብቡት፣ የእናንተ መሆኑን እዩ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። የአክስቴ ልጅ መንጃ ፈቃዱን አከራዩ መሳቢያ ውስጥ ረስቶት የደወለልኝ አዲስ አበባ፣ ቦሌ ከደረሰ በኋላ ነው።